የኮሌጁ ሯጭ በፕሮፌሽናሎቹ ሜዳ፦ አሽተን ጄንቲ ይዞት የተሻገረውና ትቶት የሄደው

በ2024 የውድድር ዘመን የቦይሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲው አሽተን ጄንቲ ኳስ ታቅፎ 2,601 ያርድ ሮጠ። በአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ የበለጠ የተመዘገበለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በ1988 ለኦክላሆማ ስቴት የተጫወተው ባሪ ሳንደርስ ሲሆን ቁጥሩ 2,628 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 27 ያርድ፣ ወደ ሜትር ሲመለስ 25 ሜትር ገደማ ነው። ይሁንና ሳንደርስ ያን ያህል የሮጠው በ11 ጨዋታ ሲሆን ጄንቲ ግን 14 ጨዋታ ስላደረገ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይመዝኑም። በኤፕሪል 2025 በድራፍቱ፣ ማለትም ፕሮፌሽናል ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ፣ የላስ ቬጋስ ሬደርስ ቡድን ጄንቲን ከሁሉም ተመራጮች በ6ኛ ተራ መረጠውና ወደ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው የ4 ዓመት ውል አስፈረመው። በቦይሲ ኳሱን በያዘ ቁጥር በአማካይ 7 ያርድ ያገኝ የነበረው ይኸው ወጣት በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ዘመኑ አማካዩ ከ4 ያርድ በታች ወረደ፤ አጠቃላይ የሩጫ ውጤቱም 1,000 ያርድ ሳይሞላ ቀረ። ቡድኑ ካደረጋቸው 17 ጨዋታዎች ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ የተመረጠበት ችሎታ የት ሄደ? ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ኑሮ የመሠረቱባት ከተማ ስለሆነች ሬደርስ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ የከተማው ቡድን ነው፤ ነገሩም በስታዲየሙ ዙሪያ ለሚኖረው ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ጥያቄው ግን ከአንድ ቡድንና ከአንድ ተጫዋች ይሰፋል። በየዓመቱ በኮሌጅ ሜዳ ተከላካዮችን እንደ ልባቸው የሚያልፉ ወጣቶች ኤንኤፍኤል ወደሚባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ ይገባሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ የዘመናቸው ታላላቅ ተጫዋቾች ሲሆኑ ሌሎቹ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ይረሳሉ። ከመምረጡ በፊት ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ለመለየት ቡድኖች ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ያሰማራሉ፤ ይሁንና አሁንም ይሳሳታሉ።

ስፖርቱን በቅርብ ለማይከታተል ሰው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ራኒንግ ባክ የሚባለው ተጫዋች ማጥቃቱን ከሚመራውና ኳሱን ከሚወረውረው ተጫዋች፣ ከኳርተርባኩ፣ ጀርባ ወይም ጎን ቆሞ ኳሱን ከእጁ ይቀበልና ወደ ፊት ይሮጣል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾች ተከላካዮቹን እየገፉ ክፍተት ለመፍጠር ይታገላሉ። በአንድ ሩጫ በአማካይ ከ4 ያርድ በላይ ያገኘ ሯጭ ጥሩ ሥራ ሠርቷል ይባላል። የኮሌጁ 7 ያርድ ምን ያህል ከተለመደው የራቀ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በእኔ እምነት የአብዛኛው የተሳሳተ ግምት ምንጭ ያርድን እንደ አንድ ዓይነት ነገር መቁጠር ነው። ሯጩ ከሚመዘገቡለት ያርዶች ከፊሉ ሌሎች የከፈቱለት መንገድ ነው፤ መስመሩ ጠንካራ፣ ተጋጣሚው ደካማ ሲሆን ማንኛውም ደህና ሯጭ ያገኘዋል። ከፊሉ ደግሞ መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ራሱ የከፈተው ነው፤ የመጀመሪያው ተከላካይ ከያዘው በኋላ የተራመደው፣ ከሌላው ቀድሞ ያየው ቀዳዳ፣ ሚዛኑን ሳይስት ያለፈው ግጭት። ወደ ፕሮፌሽናል ሜዳ የሚሻገረው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይቀራል፤ አዲሱ ቡድን አዲስ መንገድ ካልከፈተለት በቀር።

ድምር ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት በኮሌጅ በአንድ የውድድር ዘመን ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጡትን ሰዎች ዕጣ መመልከት ይበቃል። ከእነሱ መካከል ማርከስ አለን፣ ባሪ ሳንደርስ፣ ላዳኒያን ቶምሊንሰን፣ ዴሪክ ሄንሪና ጆናታን ቴይለር አሉ፤ አምስቱም በኤንኤፍኤል የዘመናቸው ምርጥ ሯጮች ሆነዋል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን በ1995ና በ1996 በተከታታይ 2,000 ያርድ ያለፈው የአይዋ ስቴቱ ትሮይ ዴቪስ፣ በ2004 የካሊፎርኒያው ጄ ጄ አሪንግተን፣ በ2013 የቦስተን ኮሌጁ አንድሬ ዊልያምስ አሉ፤ የእነዚህን ስም ዛሬ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው የሳን ዲዬጎ ስቴቱ ዶኔል ፓምፍሪ ነው። በአራት ዓመት የኮሌጅ ቆይታው 6,405 ያርድ ሮጦ በይፋዊው መዝገብ የምንጊዜም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2017 ፊላዴልፊያ ኢግልስ በ4ኛው ዙር መረጠው፤ ነገር ግን በአንድም መደበኛ የኤንኤፍኤል ጨዋታ ላይ ሳይሰለፍ የስፖርት ዘመኑ አለፈ። ክብደቱ ከ180 ፓውንድ፣ ማለትም ከ82 ኪሎ በታች ነበር። ፓምፍሪ መዝገቡን የወሰደበት የዊስኮንሲኑ ሮን ዴይን ደግሞ ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ በ1999 የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት ሃይዝማንን አሸንፎ በማግስቱ ዓመት በኒውዮርክ ጃያንትስ በ11ኛ ተራ ተመርጦ ነበር። እርሱም ቢሆን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ፤ በኮሌጅ ታሪክ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ስሞች በፕሮፌሽናሉ ሜዳ ጎልተው አልወጡም።

የሁለቱ ሜዳዎች ልዩነት ከምን ይመጣል? ዋናው የተጋጣሚው ጥራት ነው። በ2024 በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ 134 ቡድኖች ይወዳደሩ ነበር፤ ኤንኤፍኤል ያለው 32 ቡድን ብቻ ሲሆን በአንድ ዓመት በድራፍት የሚመረጠው ተጫዋች 260 ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ የኮሌጅ ሯጭ ቅዳሜ ዕለት ከሚገጥማቸው አሥራ አንድ ተከላካዮች መካከል ወደፊት ፕሮፌሽናል የሚሆን አንድም ላይኖር ይችላል፤ እሑድ በኤንኤፍኤል የሚገጥመው ግን ሁሉም ከዚያ ወንፊት የተረፈ ነው። በኮሌጅ በጉልበት ተገፍቶ ይወድቅ የነበረው ተከላካይ እዚህ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ በኮሌጅ ዘግይቶ ይደርስ የነበረው እዚህ ቀድሞ ይጠብቃል።

ከተጋጣሚው ሌላ ደንቡና የሜዳው መስመርም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ይህ ብዙ የማይነገርለት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የሁለቱም ሜዳ ስፋት 160 ጫማ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የሚጀመርበትን ቦታ የሚወስኑት ሁለት የውስጥ መስመሮች ግን በኮሌጅ በ40 ጫማ፣ በኤንኤፍኤል በ18 ጫማ ተኩል ይራራቃሉ። በዚህ ምክንያት በኮሌጅ ኳሱ ከአንዱ የውስጥ መስመር ላይ ሲነሣ በሰፊው በኩል 100 ጫማ ክፍት ሜዳ ይኖራል፤ በኤንኤፍኤል ግን ይህ ወደ 89 ጫማ ይጠብባል። በ100 ጫማ ስፋት ላይ ተከላካዮች ተበታትነው ለመቆም ስለሚገደዱ ፈጣን ሯጭ ወደ ዳር ወጥቶ የሚያመልጥበት ዕድል ሰፊ ነው። እንዲሁም ኳርተርባኩ የተከላካዩን እንቅስቃሴ አይቶ ኳሱን ለሯጩ ልስጥ ወይስ ልወርውር ብሎ በሚወስንበት አጨዋወት፣ በኮሌጅ የፊት መስመር ተጫዋቾች ኳሱ ሳይወረወር እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት መሄድ ይፈቀድላቸዋል፤ በኤንኤፍኤል የሚፈቀደው 1 ያርድ ነው። የሁለት ያርድ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሩጫ ይሁን ውርወራ መለየት አቅቶት ለቅጽበት ቆሞ የሚቀረው ተከላካይ ለሯጩ የሚሰጠው ክፍተት የሚወለደው ከእንዲህ ያለው ነገር ነው። ያ ሯጭ በኤንኤፍኤል ያንኑ ክፍተት ፈልጎ ሲያጣው ሰው ‹‹ፍጥነቱ ቀነሰ›› ይላል። ፍጥነቱ ግን ያው ነው፤ የቀነሰው ለማሰብ የነበረው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ወጣት ሯጭ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ነገር ዓይኑ ነው እላለሁ። የትሬንት ሪቻርድሰን ታሪክ ይህን በሚያሳዝን ግልጽነት ያሳያል። ሪቻርድሰን በ2011 ለአላባማ 1,679 ያርድ ሮጦ ከቡድኑ ጋር ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነ፣ ጭኑም ትከሻውም ለዚህ ስፖርት የተሠራ የሚመስል ወጣት ነበር። በ2012 ክሊቭላንድ ብራውንስ አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት ብቻ ከሚኒሶታ ጋር ተራ ተለዋውጦ በ3ኛ ተራ መረጠው። በመጀመሪያው ዓመት ጎድኑ ተሰብሮ ጭምር ተጫውቶ 950 ያርድ አስመዘገበ፤ አማካዩ ግን በአንድ ሩጫ 3.6 ያርድ ነበር። በሴፕቴምበር 2013 ብራውንስ ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ አሳልፎ ሰጠውና በምትኩ የአንደኛ ዙር የምርጫ ተራ ወሰደ። በዚያ ዓመት በኮልትስ አማካዩ ወደ 2.9 ወረደ። በ2015 መጀመሪያ ኮልትስ አሰናበተው፤ ከዚያ በኋላ በመደበኛ የኤንኤፍኤል ጨዋታ አልታየም።

የሪቻርድሰንን የኮልትስ ጨዋታዎች መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተውላል፤ በግራው ክፍተት እየተከፈተ እርሱ በቀኝ በኩል ከራሱ ተጫዋች ጀርባ ጋር ይጋጫል። ጉልበቱ አለ፤ ፈቃዱም አለ፤ ምልከታው ግን አንድ እርምጃ ይዘገያል። ይህ ድክመት አላባማ እያለ ያልታየው ለምንድን ነው? በ2011 ከፊቱ ከነበሩት የመስመር ተጫዋቾች መካከል ቻንስ ዎርማክና ዲ ጄ ፍሉከር በ2013 ድራፍት በ10ኛና በ11ኛ ተራ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚከፍቱት መንገድ ዘግይቶ ለደረሰም ይጠብቃል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ክፍተቱ እንደ ዓይን ቆብ ተከፍቶ ይዘጋል። ሪቻርድሰንን የመረጡት ሰዎች የተከፈተለትን መንገድ ራሱ ከከፈተው አልለዩም ነበር።

በተቃራኒው የቴሬል ዴቪስን ነገር እንመልከት። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይነገርለት ቆይቶ በ1995 ድራፍት በ6ኛው ዙር፣ በ196ኛ ተራ ለዴንቨር ብሮንኮስ ተመረጠ፤ በ1998 ግን 2,008 ያርድ ሮጠ። አሪያን ፎስተር ደግሞ በ2009 ከቴነሲ ሲወጣ የመረጠው ቡድን አልነበረም፤ በ2010 ለሂዩስተን ቴክሳንስ 1,616 ያርድ ሮጦ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው ጋሪ ኩቢያክ ነው፤ በዴንቨር የማጥቃቱ አስተባባሪ፣ በሂዩስተን ዋና አሰልጣኝ ነበር። በሁለቱም ቦታ የሚተገበረው የዞን አሯሯጥ መስመሩ በሙሉ ወደ አንድ ጎን እንዲንቀሳቀስ፣ ሯጩም በትዕግሥት ከጎኑ እየተከተለ ተከላካዮቹ ሲሳሳቡ አንድ ጊዜ ብቻ እግሩን ተክሎ ሽቅብ እንዲታጠፍ ይጠይቃል። ብዙ ዳንስ አይወድም፤ ከፍተኛ ፍጥነትንም የግድ አይልም፤ የሚፈልገው ትዕግሥት፣ ምልከታና ቆራጥነት ነው። ዴቪስና ፎስተር እነዚህን ይዘው መጡ፤ እነዚህን የሚፈልግ ቦታም አገኙ። በሌላ ቡድን ቢያርፉ ኖሮ ስማቸውን ባልሰማን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ማረጋገጥ ባይቻልም።

በየዓመቱ በኢንዲያናፖሊስ ለምልመላ የሚደረገው ፈተና ብዙ የሚናገረው ስለ ቀጥታ ፍጥነት ነው። የ40 ያርዱ ሩጫ ጥቅም የለውም አልልም፤ በ2008 በ4.24 ሰከንድ የጨረሰው ክሪስ ጆንሰን በ2009 2,006 ያርድ ሮጧል። ይሁን እንጂ በ1990 ብዙዎች ፍጥነት ይጎድለዋል ብለው ያለፉት ኤሚት ስሚዝ እስከ 17ኛ ተራ ቆይቶ ለዳላስ ካውቦይስ ተመረጠ፤ ዛሬም የሊጉ የምንጊዜም አንደኛ ሯጭ ነው፣ በ18,355 ያርድ። በቅርቡም የኖትር ዳሙ ካይረን ዊልያምስ 40 ያርዱን በ4.65 ሮጦ እስከ 5ኛው ዙር ከወረደ በኋላ በ2023 በ12 ጨዋታ ብቻ ለሎስ አንጀለስ ራምስ 1,144 ያርድ አስመዝግቧል። ተከላካይ ሳይኖር በቀጥታ መስመር መሮጥና ተከላካይ ባለበት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማለፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጄንቲ ከድራፍቱ በፊት ይህን ሩጫ አልሮጠም፤ ይህም ምርጫውን አላዘገየበትም።

ወጣት ሯጮችን ከምንም በላይ ወንበር ላይ የሚያስቀምጣቸው ግን ኳስ ሳይዙ የሚሠሩት ሥራ ነው። ኳርተርባኩ ሊወረውር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሯጩ ጠባቂው ይሆናል። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ተከላካዮቹን ቃኝቶ የትኛው ሰው እንደሚመጣ፣ የትኛው የሚመጣ መስሎ እንደሚያታልል መገመት አለበት፤ ከዚያም ከእርሱ ምናልባት 15 ኪሎ የሚበልጥ ላይንባከር፣ ማለትም ከፊት ተከላካዮች ጀርባ የሚቆም ተከላካይ፣ በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ደረቱን ሰጥቶ ማስቆም አለበት። ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ፈጣንና ቀለል ያለ አጨዋወት ስለሚከተሉ ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ ቶሎ ይወጣል፤ በዚህ ላይ ምርጥ ሯጫቸውን እንዲከላከል ሳይሆን እንዲሮጥ ይፈልጉታል። ስለዚህ 300 ጊዜ ኳስ የያዘ ወጣት ይህን ሥራ በሚገባ ሳይማር ሊመረቅ ይችላል። በኤንኤፍኤል አንድ ስህተቱ የቡድኑን ውድ ሰው ለወራት ሊያስተኛ ስለሚችል፣ አሰልጣኞች በሦስተኛው ሙከራ ላይ የማያምኑትን ሯጭ ከሜዳ ያስወጡታል። በሦስተኛው ሙከራ የማይሰለፍ ሯጭ ደግሞ ምንም ቢሮጥ ግማሽ ተጫዋች ነው።

ውርወራ መቀበልም እንዲሁ ነው፤ ይህ ችሎታ ግን ከሌሎቹ በተሻለ ሳይሸራረፍ የሚሻገር ይመስለኛል። ክርስቲያን ማካፍሪ በስታንፎርድ እያለ በ2015 በሩጫ፣ በመቀበልና ኳስ በመመለስ በድምሩ 3,864 ያርድ አስመዝግቦ የሳንደርስን መዝገብ ሰበረ፤ ኤንኤፍኤል ገብቶ በ2019 በሩጫም በመቀበልም በየፊናቸው ከ1,000 ያርድ አለፈ። አልቪን ካማራ በቴነሲ የቡድኑን የሩጫ ሸክም ብቻውን ተሸክሞ የማያውቅ ተጫዋች ነበር፤ በ2017 በ67ኛ ተራ ለኒው ኦርሊንስ ተመርጦ በዚያው ዓመት የማጥቃት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። የካማራ የኮሌጅ ድምር ቁጥር ሲታይ ተራ ነው፤ እጁና ሚዛኑ ግን ተራ አልነበሩም።

ወደ ጄንቲ እንመለስ። ቁመቱ 1.74 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 96 ኪሎ አካባቢ ነው፤ አጭር ቢሆንም ትንሽ አይደለም፤ የስበት ማዕከሉ ወደ መሬት የቀረበ፣ ለመጣል የሚያስቸግር ሰው ነው። አባቱ የወታደር ቤት ሰው ስለነበሩ የልጅነቱን ከፊል ያሳለፈው በጣሊያን ኔፕልስ ሲሆን ይህን ስፖርት እዚያም ተጫውቷል። በ2024 ካገኛቸው ያርዶች አብዛኛዎቹ የመጀመሪያው ተከላካይ ከነካው በኋላ የተገኙ መሆናቸው ከላይ ባነሣሁት መለኪያ ትልቅ ምስክር ነው። በ2023ም 43 ኳስ ተቀብሎ 569 ያርድ አስመዝግቦ ነበር።

የሚቃወመው ማስረጃ የተጋጣሚዎቹ ደረጃ ነበር። ቦይሲ ስቴት በዚያን ጊዜ ይጫወትበት የነበረው የማውንቴን ዌስት ሊግ ከታላላቆቹ የኮሌጅ ሊጎች ጋር አይተካከልም ነበር። ስለዚህ ከ14ቱ ጨዋታዎች የሚመዝኑት ሁለቱ ናቸው። በሴፕቴምበር 2024 በኦሪገን ሜዳ፣ መደበኛውን ዘመን ሳይሸነፍ ከጨረሰው ቡድን ጋር ቦይሲ 37 ለ34 ሲሸነፍ ጄንቲ 192 ያርድ ሮጦ 3 ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ፊየስታ ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጅ ግጥሚያ ፔን ስቴት 31 ለ14 ሲያሸንፋቸው 30 ጊዜ ሮጦ 104 ያርድ ብቻ አገኘ፤ በአማካይ 3.5 ገደማ መሆኑ ነው። ያን ምሽት የፔን ስቴት የፊት ተከላካዮች የቦይሲን መስመር በተደጋጋሚ ወደ ኋላ እየገፉት ጄንቲ ኳሱን በተቀበለበት ቅጽበት ሰው ይጠብቀው ነበር። ከእሱ ሌላ ሯጭ ቢሆን 50 ያርድም ባላገኘ፤ ግን 104 ያርድ ነው የተጻፈው። እንደ እኔ አስተያየት የ2025ን የሬደርስ ዘመን ከ2,601ዱ ይልቅ አስቀድሞ ያሳየው ያ ጨዋታ ነው።

በኤንኤፍኤል የመጀመሪያ ጨዋታው ከኒው ኢንግላንድ ጋር 19 ጊዜ ሮጦ 38 ያርድ አገኘ። በቦይሲ ዝነኛ ያደረገውን፣ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት እጆቹን አውርዶ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን አቋም በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ትቶ ነበር፤ በአራተኛው ጨዋታ ከቺካጎ ቤርስ ጋር ሲገጥም ወደዚያው ልማዱ ተመለሰና 138 ያርድ ሮጦ በድምሩ 3 ተችዳውን አስቆጠረ፤ ከሩጫዎቹ አንዱ 64 ያርድ ነበር። ለውጡን ሁሉ ለአቋሙ መስጠት አልደፍርም። ግን ለዓመታት ዓይኑን ያሠለጠነበትን ከፍታ ከአንድ ወጣት ላይ ወስዶ በዚያው ዓይን እንዲያይ መጠበቅ ትክክል አልነበረም። በዚያው የቺካጎ ጨዋታ የመስመሩ ምሰሶ የሆነው ኮልተን ሚለር ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ፈረሰ፤ የማጥቃቱ አስተባባሪ ቺፕ ኬሊ በኖቬምበር ተሰናበተ፤ ውርወራው ስለማያስፈራቸው ተጋጣሚዎች ተከላካዮቻቸውን ወደ ፊት አስጠግተው ሯጩን ብቻ ይጠብቁ ጀመር። በዚህ ሁሉ መካከል ጄንቲ ከ50 በላይ ውርወራ ተቀበለ።

ታዲያ ችሎታው ተሻግሯል ወይስ አልተሻገረም? ተሻግሯል ባይ ነኝ፤ ያልተሻገረው የተከፈተለት መንገድ ነው። ለዚህ ከሳኮን ባርክሊ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ባርክሊ በ2018 ከፔን ስቴት በ2ኛ ተራ የተመረጠ፣ በተሰጥኦው ማንም ያልተጠራጠረው ተጫዋች ነው። በ2023 ለኒውዮርክ ጃያንትስ 962 ያርድ ሮጠ፤ አማካዩ 3.9 ነበር። በቀጣዩ ዓመት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደምትርቀው ፊላዴልፊያ ተዛውሮ በሊጉ ምርጥ ከሚባሉት መስመሮች ከአንዱ ጀርባ ቆመና 2,005 ያርድ ሮጠ፤ አማካዩ 5.8 ሆነ፤ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ ሱፐር ቦውልንም አሸነፈ። በአንድ ክረምት ውስጥ 27 ዓመት የሞላው ሰው እግር አልተለወጠም። ጃያንትስ ‹‹ዕድሜው ገፍቷል›› ብሎ አስቦ ከነበረ ያሰበው ስለ ራሱ መስመር ነበር።

ዴሪክ ሄንሪ ደግሞ የሚያስተምረው ስለ ጊዜ ነው። በ2015 ለአላባማ 2,219 ያርድ ሮጦ ሃይዝማንን ወስዶም 45ኛ ተራ ላይ ነው የተመረጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቴነሲ ታይታንስ ከዴማርኮ መሪ ጀርባ ተቀምጦ 490ና 744 ያርድ ብቻ ሮጠ። በዲሴምበር 2018 ከጃክሰንቪል ጋር በአንድ ምሽት 238 ያርድ፣ ከእነሱም 99ኙን በአንድ ሩጫ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ሰው ስለ እርሱ ወስኖ ጨርሶ ነበር። በ2020 2,027 ያርድ ሮጠ። በሁለተኛ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፍርድ ተሰጥቶበት ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ምን ያህል በተሳሳተ።

ለጄንቲ ግን ጊዜ ለሌሎች ቦታዎች ተጫዋቾች የሚሆነውን ያህል ለጋስ አይደለም። በኮሌጅ 750 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጧል፤ እያንዳንዱ ሩጫ ማለት ይቻላል በግጭት ያለቀ ነው። የሯጮች አካል ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚያልቅ ነው ሊጉ ለዚህ ቦታ የሚሰጠውን ዋጋ ለዓመታት የቀነሰው፤ በ2013ና በ2014 ድራፍት በአንደኛው ዙር አንድም ራኒንግ ባክ አልተመረጠም። በ6ኛ ተራ ሯጭ የመረጠ ቡድን መስመሩን እየሠራ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢያሳልፍ ከውሉ አብዛኛው በዚያው ያልቃል። ሬደርስን የምተችበት ነጥብ ይህ ነው፤ ጄንቲን መምረጡ ስህተት አልነበረም፣ ነገር ግን መንገድ የሚከፍትለትን ሳያዘጋጅ መምረጡ ከእርሱ ምርጥ ዓመታት አንዱን ወስዷል።

በሁለተኛው ዓመቱ ጨዋታ የሚመለከት ሰው የያርዱን ድምር ትቶ ሦስት ነገር ቢያይ ይሻላል። ኳሱን ሲቀበል የመጀመሪያው ተከላካይ የት ላይ ይነካዋል፤ ከመስመሩ በስተጀርባ ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። መስመሩ ሲያዘነብል ይታገሣል ወይስ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አንዳንዴ እንደታየው ቸኩሎ ወደ ዳር ይሸሻል፤ የተዘጋ መንገድ የለመደ ሯጭ የተከፈተውንም ማመን ሊያቅተው ይችላልና። በሦስተኛው ሙከራ፣ 8 ያርድ ሲቀርና ተከላካዮቹ ለጥቃት ወደ መስመሩ ሲጠጉ፣ አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ይተወዋል ወይስ በሌላ ሰው ይቀይረዋል።